ዳኛው ደብረ ታቦር፣ ምስክሩ ጋይንት

ከስማዳ ወገዳ ተነሥቶ ደብረ ታቦር ወደሚገኘው የደቡብ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚመጣ ገበሬ፣ ነገሩ ገና ሳይሰማ ብዙ ከፍሏል። የመኪና፣ የምግብና የአልጋ ወጪ አለ፤ ሳይታረስ የዋለ መሬት አለ። ምስክሮቹን ይዞ ከመጣ የእነሱም ወጪ በእሱ ላይ ነው። ደርሶም «ተከሳሹ አልቀረበም»፣ «መዝገቡ አልተመረመረም» ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ጉዳዩ በይግባኝ ባሕር ዳር ከሄደ ከደብረ ታቦር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጨመራል፤ ለሰበር አዲስ አበባ ከዘለቀ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ገንዘቡ ኖሮት እንኳ መንገዱ የማይከፈትለት ቀን አለ። ስለዚህ በቪዲዮ ስለሚሰማ ችሎት መነጋገር ለዚህ አገር ሰው የቅንጦት ወሬ አይደለም።

በጉዳዩ ላይ የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ነው፤ የትኛው ካሜራ፣ የትኛው ፕሮግራም፣ ስንት ሜጋ ቢት። የልዩ ልዩ አገሮችን ልምድ ሳገላብጥ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በቪዲዮ የተሰማ ቃል የሚታመነውም የሚበላሸውም ከካሜራው ማዶ ባለው ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ማን አለ? የበሩ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ዳኛው የማያየውን የሚያይለት ማን ነው? እነዚህ ካልተመለሱ ምስሉ ምንም ያህል ቢጠራ፣ ዳኛው የሚያየው ሌላ ሰው የመረጠለትን የክፍሉን ቁራጭ ብቻ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተካሄደው የፍርድ ቤቶች ማሻሻያ በክልል ያሉ ባለጉዳዮችን በቪዲዮ መስማት ጀምሮ ነበር፤ ባለጉዳዩም ጠበቃውም «ፕላዝማ ችሎት» ነው የሚሉት። በዚያው ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን ከክፍሉ ያውቀዋል። አስተማሪው በሳተላይት ይመጣል፣ ያስረዳል፣ ጥያቄ ሰጥቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ጨረሳችሁ አልጨረሳችሁ ሳይል ይቀጥላል። እጁን ያወጣ ተማሪ አይታየውም። መብራት የጠፋ ቀን ያ ትምህርት አለፈ፣ አይመለስም። ችሎት በዚህ ዓይነት ሊሄድ አይችልም። እጁን ያወጣ ሰው መታየት አለበት፤ መብራቱ በጠፋበት ደቂቃ የተባለው ሁሉ እንደገና መባል አለበት።

ሳተላይት ለችሎት ሌላም ችግር አለበት። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመ ሳተላይት ድምፅን አንሥቶ እስኪያወርድ የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጃል፤ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለንግግር የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ መዘግየት ነው። ግማሽ ሰከንድ ለወሬ ምንም አይደለም። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ግን ከባድ ነው። «ልጁን በዓይንህ አይተኸዋል?» ተብሎ የተጠየቀ ምስክር መልሱ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ሲሰማ፣ ዳኛው ሳያስበው «ይህ ሰው አመነታ» ብሎ ሊይዝበት ይችላል። ያመነታው መስመሩ ነው። በፋይበር የሚሄድ መስመር ይህን ችግር በአብዛኛው ያስወግደዋል፤ ስለዚህ ክፍሉ የት ይሁን ሲባል ፋይበሩ የት ደርሷል የሚለው አብሮ መታየት አለበት።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ሆነ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የተጻፉት ተከራካሪና ምስክር በአካል ዳኛ ፊት ይቆማሉ ተብሎ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማትን፣ የቀረበበትን ምስክር የመጠየቅን፣ በጠበቃ የመወከልን መብት ይሰጣል፤ በስክሪን ይሁን ወይም አይሁን አይልም። በኋላ የመጣው የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ግን በሩን ከፍቷል። ለአደጋ የተጋለጠ ምስክር ከመጋረጃ ጀርባ፣ ማንነቱን ሰውሮ ወይም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ቃሉን እንዲሰጥ ይፈቅዳል።

ከዚያም በፊት ቢሆን በልደታ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ጥቃት የደረሰባቸው ሕፃናት በዚህ መንገድ ሲሰሙ ቆይተዋል። ልጅቷ ለብቻዋ በተዘጋጀ ክፍል ትቀመጣለች፤ አጠገቧ በሙያው የሠለጠነ ሰው አለ። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ተከሳሹ በስክሪን ያዩአታል፤ ጥያቄው በጆሮ ማዳመጫ ለባለሙያዋ ይደርስና በልጅቷ አቅም ተለዝቦ ይቀርብላታል። ደፋሪዋን ፊት ለፊት ሳታይ ትናገራለች። ይህ አሠራር በብዙዎች የተከበረው ካሜራው ስላማረ አይደለም። ማዶ ያለው ክፍል የፍርድ ቤቱ የራሱ ስለሆነ ነው። በሩን የሚጠብቀው የፍርድ ቤት ሰው ነው፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ባለሙያ ለፍርድ ቤቱ ተጠያቂ ናት። ርቀቱ የአንድ ኮሪደር ቢሆንም ትምህርቱ እስከ ጋይንት ይደርሳል።

ክፍሉ የፍርድ ቤት ባልሆነበት ጊዜ የሚደርሰውን በአሜሪካ ሚሽጋን ክፍለ ግዛት በ2021 እ.ኤ.አ. የታየው ጉዳይ ያሳያል። በኮቪድ ምክንያት ሁሉም ከየቤቱ በዙም ገብቷል። ክሱ አንድ ሰው የቅርቡን ሴት ደበደበ የሚል ነው፤ እሷ ትመሰክራለች፣ እሱ በሌላ መስኮት ይታያል። ዐቃቤ ሕጓ ምስክሯ ከመመለሷ በፊት ወደ ጎን እንደምታይ፣ ቃሏ እንደሚቆራረጥ ልብ አለች። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ መሆናቸውን ጠረጠረች፤ ለዳኛው ተናገረች። ዳኛው ተከሳሹን ያለበትን ሲጠይቁት ሌላ ቤት ነኝ አለ። ስልክህን ይዘህ ወጥተህ የቤቱን ቁጥር አሳየን ሲሉት ባትሪዬ ሊያልቅ ነው አለ። ወዲያው ፖሊስ በሩን አንኳኳ፤ ተከሳሹ ምስክሯ ካለችበት ቤት ውስጥ ተገኘ። ይህ ሁሉ የታወቀው በአንዲት ንቁ ዐቃቤ ሕግ ዓይን ነው። ፕሮግራሙም፣ ምስጠራውም፣ የይለፍ ቃሉም ምንም አላገዙም፤ ሁሉም በትክክል እየሠሩ ነበር።

ይህን ወደ ደቡብ ጎንደር አምጥተን እናስበው። የመሬት ክርክር ነው እንበል። ምስክሩ ከባለጉዳዩ ጋር አንድ ጎጥ ይኖራል፣ በማኅበር ይገናኛል፣ አበልጅም ሊሆን ይችላል። «ከቤትህ ሆነህ በስልክህ መስክር» ከተባለ ስልኩ የባለጉዳዩ ይሆናል፤ ኢንተርኔት የሚሞላለትም ባለጉዳዩ ነው፤ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ የሚያዳምጠውም ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ማንም ክፉ ሳይሆን፣ በይሉኝታ ብቻ ቃሉ ይለወጣል። ስለዚህ በእኔ እምነት በዚህ አገር ከቤት በስልክ የሚሰጥ የምስክርነት ቃል ጨርሶ መፈቀድ የለበትም። ምስክሩ ወደ ቅርቡ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂድ። ከጋይንቷ ከነፋስ መውጫ ደብረ ታቦር ድረስ መሄድ ይቀርለታል፤ ግን የሚቀመጠው ሬጅስትራሩ በሚያውቀው፣ ችሎት አስከባሪው በሩ ላይ በቆመበት ክፍል ነው። አንድ ካሜራ ፊቱን ያሳይ፤ ሌላው ከማዕዘን ሆኖ መላ ክፍሉን፣ በሩንም ጭምር ያሳይ። መታወቂያውን የሚያየው፣ መጽሐፉን ይዞ የሚያስምለው፣ ከኪሱ ስልክ አስወጥቶ የሚያስቀምጠው እዚያው ያለ የፍርድ ቤት ሠራተኛ ይሁን። ዳኛው «ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው ምስክሩ አይሁን፤ ሐሰት ቢናገር ሥራውን የሚያጣው ሠራተኛ ይሁን።

የሕንድ ፍርድ ቤቶች በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት የቪዲዮ ችሎት ሞዴል ደንብ ይህን በከፊል ይዟል። በሁለቱም ጫፍ አስተባባሪ እንዲኖር ያዛል፤ ውጭ አገር ላለ ምስክር የኤምባሲ ሰው አስተባባሪ ይሆናል። አሜሪካና እስራኤል ለሚኖሩ የጎንደር ልጆች፣ የውርስ ክርክር ላለባቸው፣ ይህ ቢወሰድ የሚጠቅም ይመስለኛል። አንዱ ድንጋጌ ግን አይዋጥልኝም። ሰውየው እስር ቤት ከሆነ አስተባባሪው የእስር ቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ያሠረው ሰው የነፃነቱ ዘብ ተደረገ ማለት ነው። በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው «ተመትቻለሁ» ለማለት የሚፈልገው በዚያው ኃላፊ ፊት ነውን?

በእስረኛ ላይ ያለኝ አቋም ከሌላው ሁሉ የጠነከረ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ሲል፣ ከተያዘበት እስከ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ጊዜ ሳይጨምር ነው። መንገድ በሚዘጋበት አካባቢ ይህች ቅንፍ ትሰፋለች፤ ስለዚህ «በቪዲዮ እናቅርበው» የሚለው ሐሳብ ደግ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው አቀራረብ ዓላማ መናገር ብቻ አይደለም። ዳኛው ሰውየውን እንዲያየው ነው፤ ሲራመድ፣ ሲቀመጥ፣ እጁን ሲዘረጋ። ከደረት በላይ ብቻ የሚያሳይ ካሜራ ያበጠ እግር አያሳይም። ደግሞም የጊዜ ቀጠሮ የሚጠየቀው ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ እሱም በየወረዳው ከተማ አለ። ርቀት ምክንያት ሊሆን የሚችለው በጥቂት ጉዳይ ብቻ ነው።

ዋስትናም እንዲሁ ነው። ቺካጎን የሚያጠቃልለው የኩክ ካውንቲ ፍርድ ቤት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ከባድ ወንጀሎችን የዋስ ጥያቄ በቪዲዮ ይሰማ ነበር፤ ጠበቃው ከዳኛው ጋር፣ ተከሳሹ ግን ሌላ ክፍል ካሜራ ፊት። በኋላ ተመራማሪዎች መዝገቦቹን ሲመረምሩ፣ ወደ ቪዲዮ በተዛወሩት የወንጀል ዓይነቶች የተጠየቀው የዋስ ገንዘብ በአማካይ 51 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ በአካል መታየት በቀጠሉት ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። ፍርድ ቤቱ ክስ ከቀረበበት በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ተወው። ስክሪን ላይ ያለ ሰው ሩቅ ነው፣ በሩቅ ሰው ላይ መጨከን ይቀላል።

የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ላይ በቀረበ ክስ፣ በቪዲዮ መቅረብ ብቻውን መብት መጣስ አይደለም፤ በቂ ምክንያት ሊኖረው፣ ተከሳሹም ከጠበቃው ጋር በምስጢር መነጋገር መቻል አለበት አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ላይ ደግሞ ፈረደ። ሰውየው ኖቮሲቢርስክ ታስሯል፣ አዲስ የተመደበለት ጠበቃ ሞስኮ ነው፤ መንግሥት በዘረጋው የቪዲዮ መስመር 15 ደቂቃ ተሰጣቸው። ፍርድ ቤቱ ይህ ጠበቃ ማግኘት አይባልም አለ። ሰውየው መስመሩን ማን እንደሚያዳምጥ አያውቅም፤ የማያምኑት መስመር ላይ ምስጢር አይነገርም። ለእኛም መፍትሔው ቀላል ነው። ከችሎቱ ሥርዓት ውጭ የሆነ ተራ ስልክ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ዳኛው ሲጠየቅ ችሎቱን የማቋረጥ ግዴታ። ምስጠራውን በተመለከተ ጠበቆች አንድ ነገር ቢያውቁ ጥሩ ነው። ዙም ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ አለኝ ሲል ቆይቶ፣ ቁልፉ በራሱ እጅ መሆኑ ሲጋለጥ በ2020 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ስምምነት ፈርሟል። «የተመሰጠረ ነው» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» ይሁን።

ስለ ምስል ብዙ ይባላል፤ ለአማርኛ ችሎት ግን ድምፅ ይቀድማል። «ወንድሙ ይመታ ነበር» ያለ ምስክር «ይመታ»ን አላልቶ ከተናገረ መቺው ወንድሙ ነው፤ አጥብቆ ከተናገረ ወንድሙ ተመቺ ነው። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ናቸው። የኢንተርኔት ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሚሊ ሰከንድ እየተቆራረሰ ነው የሚላከው፤ ጥቂት ቁራሾች ሲጠፉ ፕሮግራሙ ጸጥታ እንዳይሰማ የቀደመውን ድምፅ ስቦ ክፍተቱን ይሞላዋል። ሰሚው ምንም የጎደለ አይመስለውም፤ የላላው ግን ጠብቆ፣ የጠበቀው ላልቶ ሊደርስ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመሩት «ስማርት ችሎቶች» ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዘዋል፤ ለጸሐፊዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ቢሆንም የጋይንትን ወይም የእስቴን አነጋገር ሰምቶ የሚጽፈውን ወረቀት፣ የአካባቢውን ሰው አንደበት የሚያውቅ ጸሐፊ ከቅጂው ጋር ሳያመሳክር መዝገብ ውስጥ መግባት የለበትም። ገንዘብ ካጠረ ከውድ ካሜራ ይልቅ ጥሩ ማይክሮፎን ይገዛ። መስመሩም ከጠበበ የምስሉ ጥራት ቀንሶ ድምፁ ይትረፍ።

ቅጂው በሁለቱም ጫፍ መያዝ አለበት፤ ደብረ ታቦር ያለው በመስመሩ የመጣውን፣ ነፋስ መውጫ ያለው ምስክሩ ከአፉ ያወጣውን ይይዛል። ሲለያዩ የምስክሩ ጫፍ ይመረጣል። ፋይሉ በኋላ እንዳይነካ ኤስ ኤች ኤ 256 የተባለው ስሌት አለ። ከቅጂው ውስጥ አንዲት ፊደል ያህል ቢለወጥ ሙሉ በሙሉ የሚቀየር 64 ምልክት ያለው ቁጥር ያወጣል። ያ ቁጥር በዕለቱ ትእዛዝ ግርጌ ታትሞ ዳኛውም ግራ ቀኙም ቢፈርሙበት፣ ከዓመታት በኋላ «ቅጂው ተቆርጧል» የሚል ክርክር በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ በደቂቃ ይፈታል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ወጪም የለውም ማለት ይቻላል። እስካሁን ልማድ አለመሆኑ ያስቆጨኛል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚፈበረክ ፊትና ድምፅ የሚያስፈራ ወሬ በዝቷል፤ መሠረትም አለው። በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሆንግ ኮንግ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ያያቸው አለቆቹ ሁሉ የውሸት ምስል ሆነው 200 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር አስተላልፎ ተገኝቷል። ምስክሩ ወረዳ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ፊት ከተቀመጠ ግን ይህ ማጭበርበር ቦታ የለውም።

ግልጽ ችሎትን በተመለከተ አንዳንዶች ሁሉም በኢንተርኔት ይሰራጭ ይላሉ። አልስማማም። ስለ ግድያ የመሰከረ ሰው ቪዲዮው በቴሌግራም ሲዞር የሚከተለውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። በሁለቱም ከተማ በሩ ክፍት ይሁን፤ ስክሪኑ ለዳኛው ብቻ ሳይሆን ለታዳሚውም ዞሮ ይቀመጥ። ጋይንት ያለ ሰው የጎረቤቱን ጉዳይ በራሱ ከተማ ገብቶ ቢሰማ፣ ችሎቱ ከበፊቱ የበለጠ ግልጽ ሆነ ማለት ነው።

ሰበር ለዚህ ሁሉ ቀላሉ ጉዳይ ነው። ምስክር አይሰማበትም፤ የሚመረመረው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ነው፤ ቅሬታው መጀመሪያ በሦስት ዳኞች ተጣርቶ ሲያስቀርብ አምስት ዳኞች ግራ ቀኙን ያከራክራሉ። ለዚህ ክርክር ደብረ ታቦር ያለ ጠበቃ አዲስ አበባ ድረስ መሄዱ ማንንም አይጠቅምም። ከዚህ ቢጀመር መልካም ነው።

የሚቀረው የመስመር መቋረጥ ነው። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ መብራትማ የዘወትር ነገር ነው። በፍትሐ ብሔር ክርክር ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሽ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ታዲያ ሰውየው ነፋስ መውጫ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መስመሩ ቢጠፋ ቀርቧል ወይስ አልቀረበም? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ የቪዲዮ ችሎት ድሃውን ከመንገድ ወጪ አድኖ ርስቱን ሊያስነጥቀው ይችላል። ማዶ ያለው ሬጅስትራር የተቋረጠበትን ሰዓትና በክፍሉ የነበሩትን ሰዎች በወረቀት መዝግቦ ያስፈርማቸው፤ ያ ወረቀት መቅረባቸውን ያረጋግጥላቸው። ከተቋረጠበት በፊት ያለው የመጨረሻ ጥያቄና መልስ እንደገና ይሰማ። መስመሩ በዕለቱ ካልተመለሰ ቀጠሮው በቅርብ ቀን ይሁን፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከተቋረጠ ባለጉዳዩ ከፈለገ በአካል፣ ካልፈለገም በተዘዋዋሪ ችሎት ይሰማ፤ ምርጫው የእሱ ሆኖ ወጪው በመንግሥት ይሸፈን።